አንኮበር የወደቀች ከተማ ናትን? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አንኮበር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ለአካባቢው ያላቸው ፍቅርም ከየመስመሩ ይነበባል። ይሁን እንጂ ፍቅር ማስረጃን አይተካምና፣ ብዙ ሰው እንደ እውነት የተቀበለውን ይህን ጽሑፍ ነጥብ በነጥብ መመርመር ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። ጸሐፊውን በግል የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም፤ የምከራከረው ከቀረበው ሐሳብ ጋር ብቻ ነው።

የጽሑፉን ፍሬ ነገር ሳላዛባ ላስቀምጠው። ጸሐፊው እንደሚሉት አንኮበር ከተራራ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች፣ ጠላትን ለመሸሽ ብቻ የተመረጠች፣ ከዓለም ተነጥላ የኖረች ምሽግ ነበረች። የቆረቆሯት ዐፄ ምኒልክ ናቸው። በደግ ዘመኗ ኀምሳ ሺህ ሰው ይኖርባት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ 76 ሺህ ነዋሪ ያላት ብትሆንም ወድቃ የተረሳች ከተማ ሆናለች። ለውድቀቷ ምክንያቱ እቴጌ ጣይቱ የፍል ውኃን ምቾት ወድደው መንግሥቱን ወደ አዲስ አበባ መሳባቸው ነው። ሕዝቧ ከጥንት ጀምሮ አንድ ዘር፣ አንድ ሃይማኖት ነው። በስሟ የምትጠራው ወፍም ከአንኮበር በቀር በዓለም የትም አትገኝም። በመጨረሻም ቤተ መንግሥቱ ታድሶ ቢቆም ከተማይቱ ወደ ቀድሞ ክብሯ ትመለሳለች ይላሉ።

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ግን በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ስሕተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ መሆናቸውን ማመልከት እወዳለሁ። «አንኮበር» የሚለው ስም ዛሬ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው የሸዋ ነጋሢዎች ግቢ የነበረበት ጉብታና በዙሪያው ያለው የአድባራት መንደር ነው። ሁለተኛው የወረዳው መቀመጫ የሆነችው፣ የአካባቢው ሰው ጎረቤላ የሚላት ከተማ ናት፤ ከጥንቱ ግቢ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ የምትገኝ ስትሆን፣ መንገደኛው «አንኮበር ደረስኩ» የሚለው እርሷን አይቶ ነው። ሦስተኛው በሰሜን ሸዋ ዞን የሚገኘው ሰፊው የአንኮበር ወረዳ ነው። ጸሐፊው ከአንዱ ወደ ሌላው ሳያስታውቁ ይዘላሉ፤ ታሪኩን ከጉብታው፣ የሕዝብ ቁጥሩን ከወረዳው፣ ኀዘኑን ደግሞ ከጎረቤላ ይወስዳሉ። ሦስቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲቀላቀሉ ኀምሳ ሺህ የነበራት፣ 76 ሺህ የደረሰች፣ ነገር ግን ባዶ የሆነች አንዲት ከተማ ትወጣለች። ይህን ሲጽፉ እርሳቸውንም እንግዳ ነገር ሳይሆንባቸው አልቀረም።

አሁን ወደ መልክዐ ምድሩ። አንኮበር «ከተራራ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች» ናት የሚለው አባባል ከታች፣ ከአፋር ሜዳ ሆኖ ለሚመለከት ሰው እውነት ይመስላል። ከአዲስ አበባ 172 ኪሎ ሜትር፣ ከደብረ ብርሃን 42 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ለሚመጣ ሰው ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ መንገዱ በደጋው ሜዳ ላይ እየወጣ ሄዶ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከአምባው ጠርዝ ሲደርስ ወደ አንኮበር ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ አንኮበር ከጠርዙ በታች፣ ደጋው ተሰብሮ ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርድበት ገደል ትከሻ ላይ የተቀመጠች ናት። ከጠርዙ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ውኃ ወደ ዓባይ ተፋሰስ፣ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ይሄዳል። የወረዳው ዝቅተኛ ቦታ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛው 3,700 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ጠባብ ስፋት ውስጥ ውርጭ የሚመታው የገብስና የባቄላ አገር፣ የስንዴና የጤፍ አገር፣ ከዚያም ዝቅ ሲል የማሽላ አገር ይደራረባሉ፤ ቁርሱን በደጋ የበላ ሰው በእግሩ ወርዶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆላ ይደርሳል።

ይህን ያህል በመልክዐ ምድሩ ላይ የቆየሁት የቀረው ክርክር ሁሉ በእርሱ ላይ ስለሚቆም ነው። ለመሸሸግ ብቻ የታሰበ ምሽግ ቢሆን ኖሮ በአቅራቢያው ከአንኮበር ይልቅ የራቀና የከፋ አምባ አልጠፋም፤ የሸዋ ነጋሢዎች የታሰሩ ዘመዶቻቸውን ያስቀምጡበት የነበረው ጎንቾ አንዱ ነው። ለመሸሸግ ጎንቾን የመረጡ ሰዎች ለመንገሥ አንኮበርን የመረጡት በሌላ ምክንያት መሆን አለበት። ምክንያቱን ስሙ ራሱ ይናገራል። በትውፊት እንደሚነገረው አንኮ የምትባል የኦሮሞ ንግሥት በዚያ ትኖር ስለነበር ቦታው «የአንኮ በር» ተባለ። ስለ ንግሥቲቱ ትውፊቱ ትክክል ይሁንም አይሁን፣ «በር» የሚለው ቃል በደጋው አጠራር ሰውና ከብት ገደሉን የሚያልፍበትን መውጫና መውረጃ የሚያመለክት መሆኑ አያከራክርም። ከዚያው ጠርዝ በስተ ሰሜን ያለው ሌላው መተላለፊያ ጣርማ በር መባሉ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ወደዚህኛው በር ኋላ እመለሳለሁ።

«ከዓለም ተነጥላ የኖረች» ለሚለው መልሱ አጭር ሊሆን በቻለ ነበር፤ ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የተሳሳተው ነጥብ ይህ ስለሆነ ጥቂት ልዘርዝር። በምኒልክ አያት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ አቋርጦ መጀመሪያ የሚደርሰው ከገደሉ ግርጌ ባለችው በፋሬ ነበር። እዚያ ጭነቱ ይታያል፣ ወሬው ወደ ንጉሡ ይላካል፣ እንግዳው ፈቃድ እስኪመጣለት ይጠብቃል። ከዚያ ወጣ ሲል ከአንኮበር በታች የምትገኘው አልዩ አምባ አለች፤ ከሐረርና ከባሕር ዳርቻ የመጣው ነጋዴ ከደገኛው ጋር የሚገበያየው በእርሷ ነበር። አሞሌ ጨው ከአፋር ወደ ላይ፣ እህልና ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ወደ ታች ያልፉ ነበር። ሰውም እንደ ዕቃ ተሸጦ ያልፍ እንደነበር መሸሸግ አይገባም፤ በአልዩ አምባ አቅራቢያ ዓብዱል ረሱል በተባለው ቦታ የባሪያ ገበያ ይቆም ነበር። ጸሐፊው ስለ ደጉ ዘመን ሲያወጉ ይህን አለማንሣታቸው ሥዕሉን ከሚገባው በላይ አሳምሮታል።

እ.ኤ.አ. በ1839 ይዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሚሲዮናውያን ሸዋ ገቡ፤ በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1841 በሻለቃ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ደርሶ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ፤ በ1843 ፈረንሳይም ተመሳሳይ ውል አገኘች። ከዚያ በኋላ በምኒልክ ዘመን የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር ከአንኮበር አጠገብ ባለችው በልጥ ማረፊያ የምርምር ጣቢያ ተሰጠው፤ የጣቢያው መሪ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 በዚያው ሞተ። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም ወደ ምኒልክ አገልግሎት ሲገባ የመጣው ወደ አንኮበር ነው። ሁለት ኃያላን መንግሥታት ከንጉሧ ጋር ውል የተዋዋሉላትን፣ የአውሮፓ ምሁራን በአጠገቧ ጣቢያ ያቆሙላትን ቦታ «ከዓለም የተነጠለች» ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም። እርግጥ ነው፣ ጉዞው አስቸጋሪ ነበር፤ የመጣውም እንግዳ እንደ ልቡ መውጣት አይችልም ነበር። ጸሐፊው «የተዘጋች» ቢሉ ኖሮ በከፊል እስማማለሁ። ሆኖም በር የሚዘጋው የሚያንኳኳ ሲኖር ነው።

ቆርቋሪዋ ምኒልክ ናቸው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። የሸዋን መቀመጫ ወደ አንኮበር ያመጡት በ18ኛው መቶ ዓመት የገዙት መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴና ኃይለ መለኮት ተከታትለው ገዝተዋል። ምኒልክ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ሲሆኑ፣ የተወለዱትም በአንኮበር ሳይሆን በአንጎለላ ነው። ከመቅደላ አምልጠው እ.ኤ.አ. በ1865 ወደ ሸዋ ሲመለሱ አንኮበር የመቶ ዓመት ገደማ ታሪክ ነበራት። ምናልባት ጸሐፊው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመቻ ምክንያት የተቋረጠውን የነጋሢነት ሕይወት ምኒልክ መልሰው ማቆማቸውን ለማለት ፈልገው ይሆናል፤ ያ ከሆነ ትክክል ነው፤ መቆርቆር ግን ሌላ ነገር ነው።

የሕዝብ ቁጥሩ ጉዳይ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ጽሑፉ ሁለት ቁጥሮችን ያቀርባል፤ የጥንቱ ኀምሳ ሺህ፣ የዛሬው 76 ሺህ። ሁለተኛው ከየት እንደተገኘ ግልጽ ነው። በ1999 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአንኮበር ወረዳ ሕዝብ 76,510 ነበር። ወረዳው 672.8 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 114 ሰው ገደማ ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ በከተማ ይኖራሉ ተብለው የተቆጠሩት 6,272 ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም ከመቶ ስምንት ያህሉ ናቸው፤ የአንኮበር ከተማ ሕዝብ ብቻ ሳይሆን በወረዳው ውስጥ ከተማ የተባለው ሁሉ ተደምሮ ነው። እንግዲህ ጸሐፊው «የከተማዋ ነዋሪ» ካሏቸው ሰዎች ከመቶ ዘጠና ሁለቱ የገጠር ነዋሪዎች ናቸው ማለት ነው፤ አብዛኞቹ ከጎረቤላ የሚገናኙት ገበያ ሲወጡ ወይም የወረዳ ቢሮ ጉዳይ ሲኖራቸው ነው። በተጨማሪም ቁጥሩ «የዛሬ» አይደለም። ከ1999 ወዲህ በአገሪቱ ቆጠራ አልተካሄደም፤ አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተላልፏል። ስለዚህ ይህን ቁጥር የሚጠቅስ ሰው ዓመተ ምሕረቱን አብሮ መጥቀስ ይኖርበታል።

ኀምሳ ሺህ የሚለው ግን ከየት እንደመጣ ሊገባኝ አልቻለም። ከላይ የጠቀስሁት ሃሪስ እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በሸዋ ቆይቶ የአንኮበርን ነዋሪ ከ12 እስከ 15 ሺህ ገምቷል። ይህም ቢሆን በዓይን የተገመተ ነው። የሃሪስ አጻጻፍ ወደ ማጋነን የሚያዘነብል መሆኑን ሌሎች ተጓዦች ራሳቸው ያማርሩበት ነበር፤ እርሱ ያልደፈረውን ቁጥር እኛ የምንደፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ማስረጃ ባይኖር እንኳ ጥቂት ስሌት ይበቃል። ኀምሳ ሺህ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብቻ ቢበላ 25 ሺህ ኪሎ ያስፈልገዋል። አንድ አህያ በገደል መንገድ ኀምሳ ኪሎ ይሸከም እንበል። በየቀኑ አምስት መቶ አህያ፣ ክረምት ከበጋ፣ ጭቃውን ረግጦ ወደዚያ ጉብታ መውጣት ይኖርበታል ማለት ነው፤ ለዚያውም ማገዶው፣ ውኃው፣ የፈረሱና የበቅሎው ድርቆሽ ሳይቆጠር። ቦታውን ያየ ሰው ለኀምሳ ሺህ ሰው ቤት የሚሆን ደልዳላ መሬት ራሱ ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ይሁንና ዋናው ስሕተት የቁጥሩ መብዛት አይደለም። ጸሐፊው ዛሬ «ከተማ» ስንል የምናስበውን ነገር ወደ ኋላ ወስደው በጥንቱ አንኮበር ላይ ማልበሳቸው ነው። ቃሉን ራሱን እንመልከት። «ከተመ» ማለት ሰፈረ፣ ድንኳኑን ተከለ ማለት ነው፤ «ንጉሡ እዚህ ከተሙ» ሲባል ንጉሡ ባሉበት ከተማ አለ፣ ሲነሡ ከተማው አብሮ ይነሣል። ሣህለ ሥላሴ ዓመቱን ሙሉ አንኮበር አይቀመጡም ነበር፤ እርሳቸው በ1830 ገደማ (እ.ኤ.አ.) በቆረቆሯት አንጎለላ፣ በደብረ ብርሃን፣ በቁንዲም እየተፈራረቁ ይከርማሉ። ከእርሳቸው ጋር ዘበኛው፣ ባለሟሉ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ጣዩ፣ ፈረስ ጠባቂው፣ አቤት ባዩና ደጅ ጠኚው ይንቀሳቀሳሉ። እንግዳ ተጓዥ የቆጠረው ሕዝብ ግቢው በነበረበት ጊዜ የነበረው ሕዝብ ነው። በማግስቱ ንጉሡ ሲነሡ የቀረው ካህኑና ዲያቆኑ፣ የግቢው ጠባቂ፣ ባለርስቱና ጥቂቱ እጀ ጥበበኛ ነው። ይህም የተረፈው ሕዝብ ቁጥሩ ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጸሐፊው እንደሚሉት የሰማይና የምድር መሆኑን እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ አንኮበር «ወደቀች» ማለት ድንኳን ሲነቀል ሜዳው ወደቀ እንደማለት ነው። በነጋሢ ዘመን የነበሩ አያሌ ከተሞች ዕጣቸው ይኸው ነበር፤ አንጎለላ ዛሬ የገጠር መንደር ናት፣ ምኒልክ የከተሙባት ልቼም እንዲሁ። አንኮበርን ከእነርሱ የሚለያት ነገር ቢኖር ግቢው ከተነሣም በኋላ አድባራቷ፣ ገበያዋና ስሟ መቅረታቸው ነው።

ይህ ወደ አራተኛው ነጥብ፣ ማለትም ስለ እቴጌ ጣይቱና ስለ ፍል ውኃ ወደተባለው ያደርሰናል። የአዲስ አበባ መቆርቆር በ1879 ዓ.ም መሆኑ፣ በዚህም የእቴጌይቱ ድርሻ ትልቅ መሆኑ፣ ፍል ውኃውም ሰበብ መሆኑ እውነት ነው፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም። ነገር ግን ከአንኮበር ወደ አዲስ አበባ በአንድ ዝላይ አልተደረሰም። ምኒልክ ከዚያ ቀደም ብለው በደብረ ብርሃን አቅራቢያ ባለችው በልቼ ከትመዋል፣ ቀጥሎም ወደ እንጦጦ ሄደዋል። የፍል ውኃው ጉዳይ ሲነሣ የመንግሥቱ ክብደት ከአንኮበር ተነሥቶ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ካዘነበለ ዓመታት አልፈውት ነበር። የያዙት አገር እየሰፋ፣ የቡናውና የዝሆን ጥርሱ ምንጭ እየቀረበ ሲሄድ፣ በሰሜን ምሥራቅ ጥግ ካለ ገደል ላይ ሆኖ ማስተዳደር የሚቻል አልነበረም።

ከግቢው መነሣት ይልቅ አንኮበርን የጎዳት ግን የመንገዱ መዞር ነው፤ ጽሑፉም ይህን ጨርሶ አላነሣም። ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ የፈረንሳዊው ባለቅኔ የአርቱር ራምቦ ጉዞ ነው። ራምቦ የጦር መሣሪያ ለምኒልክ ሊሸጥ እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ከታጁራ ተነሥቶ በረሃውን በአራት ወር ገደማ አቋርጦ በየካቲት 1887 አንኮበር ገባ። ንጉሡን ግን አላገኛቸውም፤ ሐረርን ለመያዝ ዘምተው ነበርና እንጦጦ ድረስ ሄዶ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ሥራውን ጨርሶ በግንቦት ወር ሲመለስ ግን በመጣበት በአንኮበር በኩል አልወረደም፤ አዲስ በተያዘችው በሐረር በኩል ወጣ። አንድ ነጋዴ በጥቂት ወራት ልዩነት በአሮጌው በር ገብቶ በአዲሱ በር ወጣ ማለት ነው። የሐረር መያዝ ከዘይላ የሚመጣውን መንገድ ለምኒልክ ከፈተላቸው፤ ያ መንገድም ከአፋር በረሃ ይልቅ ይመረጥ ነበር።

የቀረውን የባቡር ሐዲዱ ጨረሰው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ጨው፣ ጨርቅና ጠመንጃ በግመል ተጭኖ ፋሬ የሚደርስበት ምክንያት አልነበረም። በወረራው ዘመን ደግሞ ኢጣሊያኖች ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና አስመራ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሲሠሩ ደጋውን ያቋረጡት ቀደም ብዬ በጠቀስሁት በጣርማ በር ተራራውን በስተው ነው። አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ፋይዳውን አጣ። የጭነት መኪናው ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲያልፍ አንኮበር ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ ቀረች። ጣይቱ ፍል ውኃን ባያዩት፣ ምኒልክም ዕድሜ ልካቸውን አንኮበር ቢቀመጡ እንኳ ሐዲዱና የጣርማ በር ዋሻ ይህንኑ ባደረጉ ነበር።

«አንድ ዘር፣ አንድ ሃይማኖት» ለሚለው መልሱ ከላይ በተባለው ውስጥ ተካትቷል። በር የሆነ ቦታ የአንድ ወገን ብቻ ሊሆን አይችልም። የአንኮበር ደጋ ሕዝብ በአብዛኛው አማራና የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ መሆኑ እውነት ነው፤ ጸሐፊው ይህን ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው። ነገር ግን ወደ ቆላው በወረዱ ቁጥር በሽመና፣ በንግድና በእርከን እርሻ የታወቁት ሙስሊሞቹ አርጎባዎች ይገኛሉ፤ ያ አገር የጥንቱ የይፋት ምድር ነው። ጎንቾን ይጠብቅ የነበረው የሣህለ ሥላሴ ባለሥልጣን ወላስማ መሐመድ ሙስሊም ነበር፤ ንጉሡ የገዛ ዘመዶቻቸውን እስር ቤት በአደራ የሰጡት ለእርሱ ነው። ከዚያም ዝቅ ሲል አፋር አለ፤ የስሙ ትውፊት ራሱ ደግሞ ወደ ኦሮሞ ንግሥት ይመራል። በአንኮበር ደን ውስጥ ጠቢባን ይባሉ የነበሩ፣ ብረት የሚቀጠቅጡና ሸክላ የሚሠሩ፣ ጎረቤቶቻቸው በሥጋት የሚያዩዋቸው ሰዎችም ይኖሩ እንደነበር ተጓዦች ጽፈዋል። ማረሻውንና ምጣዱን ሠርተው የሰጡትን ሰዎች ከሕዝቡ ታሪክ ማስወጣት በጽሑፉ ውስጥ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ የከበደኝ ነው።

ስለ ወፏ ክርክሬ ቀላል ነው። በሳይንሱ ዓለም የአንኮበር ሴሪን የምትባለው ቡናማ መልክ ያላት ትንሽ ወፍ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1976 በአንኮበር ገደል አካባቢ ነው፤ ለጥቂት ጊዜም ከዚያ በቀር አትገኝም ተብሎ ይታመን ነበር። ኋላ ግን በሰሜን ተራሮችም ታይታለች። ኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ መሆኗ እውነት ነው፤ «አንኮበር ብቻ» የሚለው ግን ጊዜው አልፎበታል። ወፏን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ይህን ቢያውቅም መምጣቱን አይተውም፤ ጭላዳው፣ ገደሉና ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ያለው የወፍ ዋሻ ደን የራሳቸው ጥሪ አላቸው።

የቀረው የመፍትሔው ሐሳብ ነው። ጸሐፊው ቤተ መንግሥቱ ታድሶ ቢቆም ክብሯ ይመለሳል ይላሉ። የጥንቱ ግቢ ፍራሽ መጠበቅ እንዳለበት፣ አድባራቱም የያዙት ቅርስ በወጉ መመዝገብ እንዳለበት አብሬ እጮኻለሁ፤ በዚህ ረገድ የጽሑፉ ቅሬታ ፍትሐዊ ነው። ይሁንና ግንቡ የቆመበትን ምክንያት ሳያስታውሱ ግንቡን ብቻ ማቆም ብዙ አያስኬድም። ነጋሢዎቹ አንኮበር የተቀመጡት የደጋው እህል ከቆላው ጨው ጋር የሚገናኝበትን መተላለፊያ ለመያዝ ነው። የአንኮበር ወረዳ ገበሬ ዛሬም የሚኖረው ከ1,300 እስከ 3,700 ሜትር በሚወጣና በሚወርድ መሬት ላይ ነው፤ ገብሱን ወደ ታች፣ ማሽላውንና ከብቱን ወደ ላይ የሚያደርሰው መንገድ ከየትኛውም ሕንጻ ይበልጥበታል። ስለዚህ ስለ አንኮበር የነገ ዕጣ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በአንኮበር በኩል ወደ አዋሽ አርባ የሚወርደው መንገድ በክረምት ምን ያህል እንደሚያስኬድ፣ የአልዩ አምባ ገበያተኛም ሸክሙን ጎረቤላ ለማድረስ ምን እንደሚከፍል ነው።